የዕቅድ ውይይት፦ አሮጌ ስክሪፕቶችን የማጽዳት የጋራ ሐሳብ፣ ድሬዳዋ

ጸሐፊ
ለቅዳሜው ስብሰባ የሚቀርበው ረቂቅ ይኸው። የሚጸዱት አባላት በየሱቁ የሚያስተዳድሯቸው ስክሪፕቶች ማለትም በፓይተን 2 እና በባሽ (የትእዛዝ መስመር ቋንቋ) የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ፓይተን 2 ድጋፉ ስለተቋረጠ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥገና አያገኝም። ያሰብነው ቅደም ተከተል፦ ብላክ የተባለው መሣሪያ የፓይተኑን ኮድ አጻጻፍ ያስተካክላል፣ ራፍ ስህተቱን ያርማል፣ ሼልቼክ ባሹን ይፈትሻል።

አባል፣ ከዚራ
አቦ፣ በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም። ብላክ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፓይተን 2ን አያነብም፤ ያለ ቅንፍ የተጻፈ ፕሪንት (የማሳያ ትእዛዝ) ሲያገኝ ፋይሉን ሳይነካ ስህተት ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ የፓይተን 2ን ኮድ ወደ ፓይተን 3 በሚቀይረው መሣሪያ፣ በ2ቱ3 ይቀየር። እሱም ከፓይተን 3.13 ጋር አይመጣም፣ ስለዚህ 3.12 የተጫነበት አንድ ማሽን እንመድብ።

ማካፈልን ግን 2ቱ3 አያስተካክልም። 7/2 በድሮው 3 ነበር፣ በአዲሱ 3.5 ነው። የዕቃ ቆጠራው ግማሽ ካርቶን ማውጣት ይጀምራል፣ ፈታሹ ራፍም ምንም አይልም። እያንዳንዱን የማካፈል ምልክት ሰው አይቶ፣ ሙሉ ቁጥር የሚፈለግበትን ወደ // ይቀይር።

አባል፣ ሳቢያን
ይህን የሚይዝልን የድሮው ውጤት ነው። አንድም መስመር ሳይነካ እያንዳንዱ ስክሪፕት በአንድ ወር መረጃ ይሂድና ያወጣው ይቀመጥ። ከየደረጃው በኋላ በዲፍ (የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው ትእዛዝ) ይወዳደር። ይህ ረቂቁ ላይ ካልገባ እኔ አልደግፍም።

ሌላው፣ የብላክ ለውጥ ለብቻው በአንድ ኮሚት (የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው በጊት አንድ ምዝገባ) ይሁን። ብላክ የኮዱን ትርጉም እንዳልለወጠ ራሱ ያመሳክራል፤ ከእጅ እርማት ጋር ከተቀላቀለ ግን የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። የዚያ ኮሚት ቁጥር በአንድ ፋይል ይጻፍና፣ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረ የሚያሳየው ጊት ብሌም እንዲያልፈው ይነገረው። ከጊት 2.23 ጀምሮ ይቻላል።

ጸሐፊ
ሁለቱም ገብተዋል። ራፍስ ሁሉንም ራሱ ያርም?

አባል፣ ሳቢያን
ኧረ በፍጹም! አስተማማኝ የሚላቸውን ብቻ። ለምሳሌ «== ነን» (ነን ማለት በፓይተን ባዶ እሴት ነው) የሚለውን «ኢዝ ነን» አድርጉ ይላል፤ በተራ ኮድ ልክ ነው። በኤስኪውኤል-አልኬሚ (ከፓይተን የመረጃ ቋት መጠየቂያ) መጠይቅ ውስጥ ግን ማጣሪያው ሁልጊዜ ሐሰት ይሆንና ባዶ ዝርዝር ይመጣል። ራፍ ይህን እርማት ሳይጠየቅ የማያደርገው ለዚህ ነው። ስለዚህ አደገኛ እርማቶችን የሚፈቅደውን ምርጫ ማንም አይክፈት።

አባል፣ መጋላ
የባሹን ሥራ ልውሰደው። የሼልቼክ ማስጠንቀቂያ 2164 እና 2086 ይቅደሙ። 2164 ሲዲ (ወደ ሌላ ፎልደር መግቢያ ትእዛዝ) ሳይሳካ ስክሪፕቱ እንዲቀጥል የተተወበት ነው፤ ቀጥሎ ያለው የማጥፊያ ትእዛዝ በተሳሳተ ፎልደር ላይ ይሠራል። ከሲዲው አጠገብ «|| ኤግዚት» (ካልተሳካ አቁም) ይጨመር። 2086 በጥቅስ ያልታጠረ ተለዋዋጭ ነው፦ ፎልደሩ «ሐምሌ ሽያጭ» ከተባለ ባሽ ክፍተቱ ላይ ሰንጥቆ ሁለት ስም ያደርገዋል። ሼልቼክ ፋይሉን ራሱ አይነካም፤ ለአንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ግን እርማቱን በዲፍ መልክ ያወጣል፣ አንብቤ በጊት አፕላይ አስገባለሁ።

በኮዱ ውስጥ በአማርኛ የተጻፉ ማብራሪያዎች ላይም አንድ ነገር ልጨምር፦ ብላክ ከ88 ፊደል የረዘመን የማብራሪያ መስመር አይቆርጥም። የመስመር ርዝመት ማስጠንቀቂያው ይጥፋልን፣ አለበለዚያ ዋናዎቹን ይሸፍናቸዋል።

ጸሐፊ
የተስተካከለው ቅደም ተከተል፦ ውጤት መያዝ፣ 2ቱ3፣ የማካፈል ፍተሻ፣ ብላክ ለብቻው፣ ራፍ በአስተማማኙ ብቻ፤ ባሹ ጎን ለጎን። በአንድ ስክሪፕት እንጀምር፣ አጭሩ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ።