የተርቦ ማስተንፈሻ ቫልቭን በእጅ ቫኩም ፓምፕ ስለመፈተሽ

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የቤንዚን መኪናዬ ነዳጅ መስጫውን በድንገት ስለቀው የመርገብገብ ድምፅ ያሰማል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የተጠራቀመውን የአየር ግፊት የሚያስተነፍሰውን ማስተንፈሻ ቫልቭ ከመቀየሬ በፊት በቫኩም ፓምፕ እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከማኒፎልድ (አየርን ለሲሊንደሮች ከሚያከፋፍለው ክፍል) የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ከቫልቩ ራስ ነቅለው ፓምፑን በቦታው ይግጠሙ። በፓምፑ አየሩን መጥጠው ቫኩም ሲስቡ ቫልቩ ሞላውን አሸንፎ መከፈት፣ የጌጁም መርፌ ባለበት መቆየት አለበት፤ መርፌው ከወረደ፣ የፓምፑ ቱቦ ራሱ እንደማያፈስ አስቀድመው እስካረጋገጡ ድረስ፣ ዲያፍራሙ (በቫልቩ ውስጥ ያለው ተጣጣፊ ስስ ሽፋን) ተቀዷል ማለት ነው። ቫኩሙን ሲለቁት ወዲያው መዘጋት ይኖርበታል። ብዙ ሰው ይህን ቀላል ሙከራ ዘልሎ አዲስ ዕቃ መግዛቱ ያሳዝናል።

መልስ፣ ከወልዲያ፦ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ፓምፑ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቫኩም ባያሳይ ቫልቩን አይኮንኑ። ቫልቩ ደህና ከሆነ የነቀሉት ቀጭን ቱቦ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ይመልከቱ።