የመራጮች መዝገብ እንዴት ነው የሚያፈተልከው? ያወጣው ሰውስ በምን ይታወቃል?

ሰናይት ከነታኒያ፣ እስራኤል፦
ሰላም ናችሁ? እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ምርጫ በደረሰ ቁጥር እናቴን በስሟ እየጠሩ መልእክት ይልኩላታል። ስልኳን ለማንም ፓርቲ ሰጥታ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የመራጮች መረጃ ወጣ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰብረው ገብተው ነው ወይስ ከውስጥ ነው የወጣው? ማን እንዳወጣውስ እንዴት ይደረስበታል?

አቤል፦
ሰናይት፣ መስበርም አላስፈለገም። እዚህ አገር ከምርጫ በፊት ፓርቲዎች ሙሉውን የመራጮች መዝገብ በሕግ ያገኛሉ። የሊኩድ ፓርቲ መዝገቡን ኢሌክተር የሚባል አፕ ላይ ጫነው። ያኔ የአፑን ዌብሳይት ከፍተሽ የገጹን ኮድ ስታዪ አንድ ሊንክ ነበር፣ እሱን ስትከፍቺ የአስተዳዳሪዎቹ ስምና ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ ይመጣ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የአንዳንዱም ስልክ። ያጋለጠው ፕሮግራመርና ጋዜጠኛ ራን ባር-ዚክ ነው። እኔም ኮድ ስጽፍ ነው የምውለው፣ ይሄ በጀማሪ እንኳ የሚያስቆጣ ስህተት ነው።

ደረጀ፦
ማን አወጣው ለሚለው የሜክሲኮን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 ክሪስ ቪከሪ የሚባል የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪ የ93.4 ሚሊዮን መራጮች መረጃ አማዞን ሰርቨር ላይ ያለ ፓስወርድ ተቀምጦ አገኘ። የምርጫ ተቋሙ ግን ለየፓርቲው በሚሰጠው ቅጂ ላይ የተለየ ምስጢራዊ ምልክት ያደርግ ስለነበር፣ የወጣውን ሲያስተያዩት ሞቪሚየንቶ ሲውዳዳኖ የሚባለው ፓርቲ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ፓርቲው ተጠልፈን ነው አለ።

ምልክት የሚደረገው በብዙ መንገድ ነው። ለምሳሌ የሌለ ሰው ስም ፈጥረሽ አንድ ፓርቲ ቅጂ ውስጥ ብቻ ታስገቢያለሽ። ያ ስም የሆነ ቦታ ብቅ ካለ ቅጂው የማን እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው። የማን እጅ እንዳወጣው ግን አይነግርሽም። ለዚያ የሰርቨሩ ሎግ፣ ማለትም የገባና የወጣውን የሚመዘግበው ፋይል፣ መታየት አለበት፦ በየትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ወረደ። አንድ ፓስወርድ ሃያ ሰው ከተቀባበለው ደግሞ ሎጉም ብዙ አይረዳም።

ሰናይት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ለእናቴ ምን ላድርግላት?

አቤል፦
የመታወቂያ ቁጥር እንደ ፓስወርድ ዝም ብሎ አይቀየርም። ከባንክ ነኝ ብሎ የሚደውል ሰው ቁጥሯንና አድራሻዋን አንድ ሳይሳሳት ቢያነብላትም አትመነው። ስልኩን ትዝጋና የባንክ ካርዷ ጀርባ ባለው ቁጥር ራሷ ትደውል።

ሰናይት፦
ዛሬ ማታ በአማርኛ በትልልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፍላታለሁ።