የአሜሪካ ፖስታ ቤት ወደ ግል ይዙር ወይስ ይደጎም?

መነሻ ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2023 6.5 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 9.5 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይሸጥ የሚሉ አሉ። መንግሥት ይደጉመው የሚሉም አሉ። እናንተስ?

ባለሱቁ፣ ቨርጂኒያ፦ እኔ ይሸጥ ባይ ነኝ። በርበሬና ሽሮ በየስቴቱ እልካለሁ፣ የዋጋው ነገር ያንገበግበኛል። የደብዳቤ ቴምብር በ2020 55 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 2025 78 ገባ። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ደንበኛ ይሸሻል። ጀርመን በ1995 ፖስታዋን አክሲዮን ማኅበር አደረገች፣ በ2000 ለገበያ አቀረበች። ዛሬ ዲኤችኤል የዚያው ኩባንያ ነው። እኛን ምን ያዘን?

ፖስተኛዋ፣ ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ አሜሪካ እኮ ሰፊ ናት። ከ160 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አለ። አሪዞና ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን ሥር፣ ሱፓይ የምትባል መንደር አለች። መኪና አይገባባትም። ደብዳቤውም ምግቡም በበቅሎ ተጭኖ ገደሉን ይወርዳል፣ ወደ 13 ኪሎ ሜትር። ቴምብሩ ግን ማንሃተን ከሚለጠፈው ጋር አንድ ነው። ገዢ ቢመጣ የሚመጣው ለከተማው ነው። ቅቤውን ወስዶ አሬራውን ለመንግሥት ይተዋል።

ደግሞ ኪሳራው የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። በ2006 ኮንግረስ የጡረተኞችን የወደፊት የጤና መድን አስቀድማችሁ ክፈሉ አለ፤ በዓመት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ!

ባለሱቁ፦ እህቴ፣ ያ ሕግ በ2022 ተነሥቷል። ያልተከፈለው 57 ቢሊዮን ዶላርም ተሰርዟል። ኪሳራው ግን ይኸው አለ። በ2001 የአንደኛ ደረጃ ደብዳቤ፣ ማለትም ተራው ቴምብር የሚለጠፍበት፣ በዓመት ከ100 ቢሊዮን በላይ ነበር፣ አሁን ከግማሽ በታች ወርዷል። ሰው ደብዳቤ መጻፍ ትቷል።

ፖስተኛዋ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ደብዳቤው ይቀንሳል፣ አዲስ ቤት ግን በየጊዜው ይሠራል። ሣጥኑ ውስጥ የምከተው አንድ የመብራት ቢል ብቻ ቢሆንም እግሬ እዚያ መድረስ አለበት። ለዚህ ነው ደብዳቤ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል የምለው። ጥቅልና መድኃኒት በስድስቱም ቀን ይሂድ። የ2022ቱ ሕግ ስድስት ቀን ስለሚያስገድድ ይሄን መቀየር ያለበት ኮንግረስ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ ሐሳብ ይቆጡኛል፤ ሰዓት ይቀንስብናል ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ጡረተኛው፣ ሚኒሶታ፦ ልጆቼ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ የሚመጣው በፖስታ ነው። በረዶ ሲጥል አልወጣም፣ እሱ ግን ይመጣልኛል። ግሪን ካርዴም የመጣው በዚሁ ፖስታ ነው። ኤንቨሎፑን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ትርፍ የለውም ተብሎ እንዳይነካብኝ።

ባለሱቁ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን መድኃኒት ማንም አይንካ። ግን ፖስታ ቤቱ ከ1971 ጀምሮ በራሱ ገቢ ይደር ተብሎ የቆመ ነው፣ ለዕለት ሥራው የግብር ገንዘብ አይሰጠውም። የሱፓይን በቅሎ ሕዝቡ ይክፈል ካልን፣ ስንት እንደሆነ ተሰልቶ በበጀት ይጻፍ። በቴምብር ዋጋ ተደብቆ እኔ ላይ አይምጣ።

ፖስተኛዋ፦ በዚህስ አልጣላህም።