ሥዕል የማያውቅ ሰው ከሥዕል ወዳጆች ጋር ቢቀላቀል ያፍራል?

ጥያቄ፦ የለገሃሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬ ነው። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁና አምና ተመለስኩ። ቤት መዋል ሰለቸኝ። ሐረር ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ እየተገናኙ ስለ ሥዕልና ስለ ቅርስ የሚያወሩ፣ አንዳንዴም አብረው ለጉብኝት የሚወጡ ሰዎች እንዳሉ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ልቤ ከጀለ። ግን ስለ ሥዕል ምንም አላውቅም፤ ተማሪ ሳለሁ ከሣልኳት አንዲት ማንጎ በቀር። እሷንም መምህሩ ድንች ነው ብለውኛል። ጉልበቴም ያመኛል። መመለሻውስ እንዴት ነው? ለመመዝገብ ምን ይጠየቃል?

መልስ፦ የጁገል ልጅ

እንኳን ደህና መጡ እትዬ። እኔ እዚያ ሁለት ዓመቴ ነው። ምዝገባ ማለት ስምና ስልክ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። መጀመሪያ ሁለቴ በእንግድነት ይምጡ፤ ከወደዱት መዋጮ ይጀምራሉ። እሱም የሻይና የወንበር ኪራይ ነው።

ስለ አለማወቅዎ አያስቡ። ባለፈው ያወራነው ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። የሐረር ልጅ ነው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተወለደ፤ ጀርመን ተማረ፤ ገጣሚም ነበር። የአንድ ሥዕሉ ፎቶ ታየና፣ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለ። ተሳቀ። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ተነሥቶ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ሲቀመጥ «እንደሚጮህ» ማስረዳት ጀመረ። ጨርቅ ሲመርጥ የኖረ ሰው ነዋ! የዕለቱን ተናጋሪ አስረሳን።

መልስ፦ የከዚራው

አቦ የምን እትዬ! የድሬ ልጅ አይደለሽ እንዴ? አንቺ ነው የምልሽ።

ስለ መንገዱ ልንገርሽ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ያዥለት። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው የሚያናድደው። ስብሰባው 8 ሰዓት ከሆነ 5 ተኩል ላይ መናኸሪያ ድረሺ። ሲመለሱ ሦስት አራት የድሬ ሰዎች ስለማይጠፉ ከእነሱ ጋር ተጣመሪ። ሹራብ ያዢ። የድሬን ሙቀት ለብሰሽ ደንገጎን ስትወጪ ታመሰግኚኛለሽ።

መልስ፦ ተቃጥሎ የቀዘቀዘ

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እነዚህን አይደለም የምለው፤ ሌላ ቦታ ነው። ለጉብኝት ብለው አስቀድመው ገንዘብ ሰበሰቡን፤ መኪናው ቀረ፣ ጉዞው ቀረ፣ ገንዘቤ የተመለሰው በስንት ልመና። ደረሰኝ ስለሌለኝ አፌን ሞልቼ መናገር እንኳ አልቻልኩም። ስለዚህ ለጉዞ ስትከፍይ ደረሰኝ ጠይቂ፤ ቢቀር ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስም ቀድመሽ ስሚ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

መልስ፦ ስፌት ወዳድ

እህቴ፣ የመጀመሪያው ጉብኝትሽ የአደሬ ቤት፣ ማለትም የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ቢሆን እመርጥልሻለሁ። ለጉልበትሽም ይስማማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ነደባው ላይ ተቀምጠሽ ነው የምታዪው። ነደባ ማለት እንደ መደብ ከፍ ከፍ ያለው መቀመጫ ነው። አምስት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። የአባወራው ቦታ አሚር ነደባ ይባላል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ቀና ብለሽ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች አንዱን ምረጪ። አንዱን ብቻ። ስፌት ከመሃል ነው የሚጀመረው፤ እየዞረ እየዞረ ይሰፋል። ዓይንሽን መሃሉ ላይ አድርገሽ ቀለሙ የት እንደሚቀየር ተከተዪ። እኔ በአንዱ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ስትሄድ ስትሄድ ድንገት በሁለት አክርማ ተዛንፋ አገኘሁ። ሰፊዋ ቆጠራ ስታ ይሁን ሆን ብላ ክርክር ተነሣ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ ሆን ብላ ነው ባይ ነኝ።

የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውም ባለቀለም መስታወቱ ያምራል፤ ግን የእንጨት ደረጃ አለው፤ ቀስ በዪ። ቤቱን የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱ ግን ከእሱ በኋላ የመጣ ነው። አስጎብኚው «እዚህ ተኝቶ ነበር» ካለሽ ፈገግ ብለሽ እለፊ።

መልስ፦ የከዚራው

እኔ ደግሞ ለገ ኦዳን እጨምራለሁ፤ ከድሬ ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። የዋሻ ሥዕል ነው። ላሟን ከጎን ይሥሏታል፣ ቀንዷን ግን ከላይ እንደታየ አድርገው ይዘረጉታል። ለካ አንድን ነገር ከሁለት አቅጣጫ መሣል ድሮም ነበረ! ግን በእግር መሄድና መውጣት አለው። ጉልበትሽ ካልፈቀደ አትሞክሪው፤ ፎቶ አነሣልሻለሁ። የሚሄድ ሰው ደግሞ ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቆ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሂድ። በገዛ ራሱ የሄደ ጓደኛዬን ግመል ጠባቂ ልጅ ነው የመለሰው።

የለገሃሯ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ በእንግድነት ልሄድ ወስኛለሁ። ከዚራው፣ 5 ተኩል መናኸሪያ እንገናኝ፤ ሹራቤን ይዣለሁ። ስፌት ወዳድ፣ ያቺ የተዛነፈችው ስፌት የትኛው ቤት ነው ያለችው? እናቴም ሰፊ ነበረች። ስትስት ፈትታ ነበር የምትሰፋው እንጂ እንዲሁ አትተወውም። እኔ «ቆጠራ ስታ ነው» ባዮቹ ጋ ነኝ፤ ግን መጀመሪያ ልያት።

የጁገል ልጅ፦

እትዬ፣ እንግዲህ ሲመጡ ክርክሩን እንደ አዲስ እንጀምረዋለን። ለቤቱ ባለቤቶች ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ለመፍታት የማያስቸግር ያድርጉ።