በልግ ላይ ገደል አፋፍ ለሚወጡ፦ ይሄ አጥንት የሚጥለው አሞራ ምንድነው?

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች! ሰሞኑን ማለዳ ማለዳ እዚህ ደሴ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ እየወጣሁ ነው። በልጉ ከገባ ወዲህ አካባቢው ለምልሞ በጣም ደስ ይላል። ባለፈው አንድ ግዙፍ አሞራ አጥንት በእግሩ ይዞ ሽቅብ ወጣና ለቀቀው። አጥንቱ ድንጋይ ላይ ሲፈነካከት ድምፁ ይሰማል፣ አሞራው እየዞረ ወርዶ ስብርባሪውን ለቀመ። ምን ዓይነት አሞራ ነው? ጉሙስ ለምንድነው ረፋድ ላይ ከታች የሚመጣው? ጭላዳ ዝንጀሮና አበባ ማየት ብፈልግ ደሞ ወዴት ልሂድ?

የጦሳ ልጅ፦
ታድለሃል ወንድሜ! ያየኸው ጺም ያለው ጥንብ አንሳ ነው። ከመንቁሩ ሥር እንደ ጺም የተንጠለጠለ ጥቁር ላባ አለው። ሌሎቹ አሞሮች ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ አጥንቱን ይወስዳል፣ ዋና ምግቡ አጥንትና መቅኔ ነው። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድ ይፈጨዋል። ትልቁን ግን እንዳየኸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከከፍታ እየጣለ ይሰብረዋል፣ ካልተሰበረለት ደጋግሞ ይሞክራል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ሊሆን ይችላል። ደረቱ ብርቱካናማ ከሆነ ያደገ ነው፣ ቀለሙ ብረት ካለው አፈር ነው የሚመጣው። ገና ያላደገው ጠቆር ይላል። ያንን ድንጋይ ልብ ብለህ ያዝ፣ አንዱን ቦታ ስለሚያዘወትሩ ተመልሶ ይመጣል። ብቻ አትጠጋው።

ኩታበር፦
የጉሙን እኔ ልመልስ። ከቆላው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ጉም ይሆናል። ፀሐይ ቆላውን እስክታሞቀው ጊዜ ስለሚወስድ ነው ማለዳ ጠርቶ የምታገኘው። ጉሙ አፋፉን ሲነካ ተነስተህ ተመለስ፣ እግርህ የት እንዳለ ሳታውቅ ይሸፍንሃል፣ ሣሩም ያዳልጣል። ለእኛ ለገበሬ ልጆች ግን ይሄ ጉም ትልቅ ነገር ነው። የካቲት ላይ የተዘራው የበልግ ገብስ ሰኔ ላይ የሚታጨደው ካፊያው ካልተቋረጠ ነው፣ ስለዚህ እኔ አፋፍ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ደመናውን ነው።

መቄት ያደግሁ፦
ለጭላዳ ወደ እኛ ና! ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ፣ ጠባብ ጠባብ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ነው። ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ አፋፉ ይወጡና ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ ይውላሉ። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቦታ ከሩቅ ታየዋለህ። ዝም ብለህ ቁጭ ካልክ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ዳቦ ምናምን ግን እንዳትወረውርላቸው፣ ከለመዱ በኋላ ማሳ ላይ ነው የሚወርዱት። ድንጋያማው ላይ ሽኮኮ አይጠፋም፣ ዕድል ካለህ ሰስም (ገደል ላይ የምትዘለውን ትንሽ ሚዳቋ መሳይ) ታያለህ።

አደይ አበባ የመስከረም ናት፣ አሁን አትፈልጋት። ይልቅ ዝናብ እንዳባራ ጎንበስ ብለህ ጦስኙን በጣትህ አሸት አድርገውና አሽተው። ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ለማየት ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው፣ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ያዝ። ጅብራ ለዓመታት ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይደርቃል፣ ስለዚህ ያበበ ካገኘህ ፎቶውን እዚህ ለጥፍልን።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ! ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ባይኖኩላር ይዤ ያንን ድንጋይ ከሩቅ እጠብቀዋለሁ። ከደሴ የሚመጣ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።