ኖግን ወደድኩት፤ ሲዝን 7ን ለመክፈት ግን ፈራሁ

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ታገሡኝ።

ስታር ትሬክ ዲፕ ስፔስ ናይንን እያየሁ ነው፤ በጠፈር ጣቢያ ላይ የሚካሄድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ስገባ አንድ ክፍል ሳላይ አልተኛም። ትናንት ሲዝን 6ን ጨረስኩ። 7ን ለመክፈት ግን እጄ እምቢ አለ። ምክንያቱ ኖግ ነው፤ ትልልቅ ጆሮ ካላቸውና ንግድ ነፍሳቸው ከሆነው ከፌሬንጊዎች ወገን የሆነ ልጅ።

መጀመሪያ ላይ አይኑን ማየት አልፈልግም ነበር። ገና በመጀመሪያው ክፍል ሲሰርቅ ይያዛል። ያ ጆሮው! ያ ጩኸቱ! እሱ ሲመጣ እያሳለፍኩ ነበር የማየው። ከዚያ አንድ ቀን የጣቢያው አዛዥ ሲስኮ ልጁን ጄክን ፍለጋ ይወጣል። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ጄክ ተደብቆ ኖግን ማንበብ ሲያስተምረው። ከዚህ በኋላ ማሳለፍ አቆምኩ።

የጨረሰኝ ሲዝን 3 ነው። ኖግ አንድ ከረጢት ላቲነም (የነሱ ገንዘብ ነው) ይዞ ሲስኮ ዘንድ ይመጣል። ስታርፍሊት አካዳሚ፣ ማለትም የጠፈር መርከብ መኮንኖች ትምህርት ቤት፣ ለመግባት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ ነው ነገሩ። ሲስኮ ቀልድ መሰለው። ሊፈትነው መጋዘን ቆጥረህ መዝግብ አለው። ልጁ አንዲት ዕቃ ሳትጎድል ቆጥሮ መጣ። ሲስኮ አሁንም ለምን እንደፈለገው ሲያፋጥጠው ኖግ ፈነዳ። እንደ አባቴ መሆን አልፈልግም አለ። አባቱ ሮም ማሽን የሚታዘዝለት ሰው ነው። ግን ፌሬንጊ ነጋዴ ነው መሆን ያለበት ተብሎ፣ በማይችለው ሥራ በወንድሙ በኳርክ መጠጥ ቤት ዕድሜውን ይገፋል።

አባቴ ሬዲዮ ፈታቶ ይገጥም ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው። መተዳደሪያው ግን ከአያቴ የወረሰው ሱቅ ነው። ዱቤ መከልከል አይችልም። ሦስት ጊዜ ከሰረ። አንዴ ሰውዬ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ መጣ። አባቴ ይሄ ሱቅ ነው ብሎ መለሰው። ሰውዬው በሩን ሳይወጣ ጠራውና እስኪመሽ ድረስ ሠራለት። በነጻ። እኔን ደግሞ «አንቺ ሒሳቡን ያዢልኝ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኖግ እየጮኸ የተናገረውን እኔ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እና አሁን ስለ ሲዝን 7 ያወራሁት ሰው ሁሉ «ወይኔ ኖግ» ይላል። ይሞታል እንዴ? አይ፣ አትንገሩኝ። ልቀጥል ወይስ እዚህ ላይ ላቁም? ደግሞስ ስሙ መግቢያው ላይ እንኳ ለማይጻፍ ልጅ እንዲህ መሆን ጤና ነው?

ጆሮ ረጅሙ፦
አይሞትም። እግሩን ነው የሚያጣው። ቀጥዪ።

የሞርን ወንበር፦
አንተ ሰውዬ፣ አትንገሩኝ አላለችም?

እህቴ፣ ጤናሽ ምንም አልሆነም። የኔን ብትሰሚ ራስሽን ታመሰግኛለሽ። እኔ የምወደው ሞርንን ነው። ሰባት ሲዝን ሙሉ ኳርክ ቤት ተቀምጦ ይጠጣል፤ አንዲት ቃል ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ሌሎቹ ግን ወሬው ማለቂያ የለውም እያሉ ያማርራሉ! ሞተ የተባለበት ክፍል ላይ ኳርክ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብሎ አንድ ሰው ያስቀምጣል። ያ ሰው ሞርንን የሚሠራው ተዋናይ ራሱ ነው፤ ያለ ጭምብሉ። ይህን ሳውቅ ሄጄ ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት። እና አንቺ ቢያንስ የሚናገር ሰው ነው የወደድሽው።

ጆሮ ረጅሙ፦
«ይሞታል እንዴ» ብላ እኮ ነው የጠየቀችው። ይሞታል እያለች ቀኑን ሙሉ ከምትብሰለሰል እግር ይሻላል ብዬ ነው።

ባለምርኩዝ፦
ከተነገረሽ አይቀር በደንብ ልንገርሽ። እግሩን የሚያጣው ክፍል 8 ላይ ነው። እሱን ካየሽ በኋላ 10ን ሳታዪ ብዙ እንዳትቆዪ። 8 ላይ ካቆምሽ ይከብድሻል።

እኔ አደጋ ደርሶብኝ አራት ወር በምርኩዝ ሄጃለሁ። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል አለኝ። ያመኛል ስለው ራጁን ያሳየኛል። ገጥሟል፣ አየሁ። ግን ያመኛል! ኖግም እንደዚያ ነው። አዲስ እግር ተተክሎለት፣ ምንም የለብህም ተብሎ፣ ያነክሳል። ከሰው ሸሽቶ ሆሎስዊት (ኮምፒውተር የፈለጉትን ዓለም በምስል የሚፈጥርበት ክፍል) ውስጥ ይገባል፤ የ1962 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ፣ ቪክ ፎንቴን የሚባል ዘፋኝ ያለበት። ዘፋኙም ሰው አይደለም፣ ሆሎግራም ነው። ክፍሉ ከሞላ ጎደል የሁለቱ ነው። ሁለቱም ስማቸው መግቢያው ላይ የለም፤ አንቺ እንዳልሽው። የሚፈራውን ነገር በመጨረሻ ለቪክ ሲነግረው እኔ ቴሌቪዥኑን አቁሜ ወደ መስኮት ሄድኩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ኖግን የሚሠራው ተዋናይ አሮን አይዘንበርግ ያን ልጅ መሥራት ሲጀምር በ1992 እ.ኤ.አ. ልጅ አልነበረም፤ 23 ዓመቱ ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ስለዚያ ክፍል ያመሰግኑት እንደነበር ይናገር ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ ገና በ50 ዓመቱ።

የሌሊት ፈረቃ፦
ይኸው አየሁት። ባለምርኩዝ፣ እግዜር ይስጥህ። እግሩ እንደሚቆረጥ ማወቄ አልጎዳኝም፤ እንዲያውም ዓይኔን ሳልጨፍን አየሁት። (ጆሮ ረጅሙ፣ ይህን ግን እንደ ምስጋና እንዳትቆጥረው።)

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም። ኖግ ቪክ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራውን! ሒሳብ ይይዛል። ወጪና ገቢ። ሲዝን 3 ላይ የንግድ ነገር አልተሰጠኝም ብሎ የማለው ልጅ፣ መዝገብ ላይ አቀርቅሮ። በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረ። እኔም የሌሊት ፈረቃዬ ምን መሰላችሁ? ሒሳብ ነው።

በማግስቱ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ኖግ አልነገርኩትም። ያ ሬዲዮ ምኑ ተበላሽቶ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ።

አሁን 16 ክፍል ቀርቶኛል። ሮም መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማንም እንዳይነግረኝ። ጆሮ ረጅሙ፣ አንተን ነው።