ካንሳስ ውስጥ የስንዴ መሬት ሲከራዩ የመንግሥት ድጎማው የማን ነው?

ጀማሪ_አራሽ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ካንሳስ ገጠር ካውንቲ ውስጥ 160 ኤከር የስንዴ መሬት ለኪራይ ቀርቧል። ባለመሬቷ «ድጎማ አለው» ብለው ዋጋውን ሰቅለውታል። ድጎማው ለባለመሬት ነው ለአራሽ? ስንትስ ይሆናል?

ነዶ፦
መጀመሪያ «አለው» የተባለውን በወረቀት ይዩት። በካውንቲው ያለው የፌዴራል ግብርና ቢሮ፣ ኤፍኤስኤ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ እርሻ ቁጥር አለው። ባለመሬቷ 156-ኢዜድ የሚባለውን የእርሻ መዝገብ ወረቀት ያስወጡ። ከዚያ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የስንዴ «ቤዝ ኤከር» (ለድጎማ ሒሳብ በስንዴ ስም የተመዘገበ የመሬት ስፋት) እና የፒኤልሲ ምርት (ለአንድ ኤከር የተመዘገበ ምርት፣ ቡሼል በሚባለው የእህል መስፈሪያ)። ዋናዎቹ ድጎማዎች፣ ዋጋ ሲወርድ የሚከፍለው ፒኤልሲና ገቢ ሲቀንስ የሚከፍለው ኤአርሲ፣ የሚታሰቡት ዘንድሮ በተዘራው ሳይሆን በዚህ የቆየ መዝገብ ነው። 160ውንም ቢዘሩ ቤዙ 100 ከሆነ ሒሳቡ በ100 ነው። ቤዝ የሌለው መሬት ከሁለቱም አያገኝም።

ፒኤልሲ የሚከፍለው የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ በሕግ ከተቀመጠው መነሻ ዋጋ ሲወርድ ብቻ ነው። በ2019 ምርት የስንዴ መነሻ በቡሼል 5.50 ዶላር ነበር፣ ገበያው 4.58፤ ልዩነቱ 92 ሳንቲም። 100 ቤዝ ኤከር በኤከር 40 ቡሼል፣ በ0.92፣ ከዚያም ሕጉ ባስቀመጠው 85 በመቶ ሲባዛ 3,128 ዶላር። የመንግሥት የበጀት ቅነሳ ሲነሣለት እጅ የሚገባው ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ከ2025 ምርት ጀምሮ መነሻው 6.35 ሆኗል፤ ገበያው ከዚያ በላይ ከዋለ ግን ምንም የለም። በዚህ ተስፋ ኪራይ መስቀል ልክ አይመስለኝም።

ጎተራ፦
የማን ነው ለሚለው፣ የሚወስነው የኪራዩ ዓይነት ነው። በቁርጥ ገንዘብ ከተከራዩ የምርቱ ኪሳራ በእርስዎ ላይ ስለሆነ ድጎማውም ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። የምርት ድርሻ ከሆነ እንደ ድርሻችሁ ትካፈላላችሁ። ካንሳስ የተለመደው የኛው ሲሶ ነው፤ ሲሶው ለባለመሬት፣ ሁለቱ እጅ ለአራሽ። «ቁርጥ ይሁን፣ ድጎማው ሲመጣ ግን ትሰጠኛለህ» የሚል ውል ከመጣ ለቢሮው ሳያሳዩ አይፈርሙ።

የሚሞሉት፦ የእርሻ አሠራር ዕቅድ ሲሲሲ-902፣ የገቢ ማረጋገጫ ሲሲሲ-941 (የሦስት ዓመት አማካይ ገቢ ከ900,000 ዶላር መብለጥ የለበትም) እና የአፈርና የረግረግ ጥበቃ ቃል የሚገባበት ኤዲ-1026። ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው የመጨረሻውን ነው። ረግረግ አጠንፍፎ ወይም በቀላሉ የሚሸረሸር ድንግል መሬት ሳያስፈቅዱ አርሶ የተገኘ ድጎማውን ያጣል፣ መንግሥት በሰብል መድን ላይ የሚደግፈውንም ጭምር። ስለዚህ መሬቱ የቆየ ጥፋት እንዳለበት ከመፈረም በፊት ይጠይቁ።

ሌላው መሰናክል ስም ነው። ውሉ በግል ስም፣ የባንክ ሒሳቡ በኩባንያ ስም ከሆነ ክፍያው ይንጠለጠላል።

ጀማሪ_አራሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኤአርሲስ? በረዶ ቢመታ ይከፍላል?

ነዶ፦
በረዶው የእርስዎን ማሳ ብቻ ከመታ አይከፍልም። በካውንቲ ደረጃ ያለው ኤአርሲ የሚያየው የካውንቲውን አማካይ ምርትና የገበያ ዋጋ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ካጨደ የእርስዎ መጥፋት አይታይም። ለበረዶ የሰብል መድን ነው የሚገባው፤ የካንሳስ ስንዴ መድን መግዣ ጊዜ ሴፕቴምበር 30 ያበቃል።

ከፒኤልሲና ከኤአርሲ አንዱን ለእያንዳንዱ ሰብል መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ በየዓመቱ ከኤፍኤስኤ ጋር ውል መፈረም ሌላ። አምና የተመረጠው ይቀጥላል ብሎ ቁጭ ያለ ሰው የዓመቱን ክፍያ ያጣል። በመኸር የተዘራውን ስንዴም እስከ ዲሴምበር 15 ስንት ኤከር እንደሆነ ያስመዝግቡ።

ጎተራ፦
አንድ ልጨምር። በጁን 2026 የታጨደ ስንዴ ድጎማ ከኦክቶበር 2027 በፊት አይመጣም። ለዘርና ለማዳበሪያ በዚያ ብር አይቁጠሩ።